አሮጌ የብረት ብስክሌት ይዛችሁ ረጅም መንገድ ልትወጡ ላሰባችሁ

ውድ ወጣቶች፣

"ለረጅም ጉዞ ምን ዓይነት ብስክሌት ልግዛ?" ብላችሁ ስትጠይቁ ከጥያቄው ኋላ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጣለሁ የሚል። ለጉዞ ተብሎ የተሠራ አዲስ ብስክሌት ሁለት ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ሲጠየቅበት ማየት ብርቅ አይደለም። የእኔ መልስ አጭር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1983 እስከ 1995 ባለው ጊዜ የተሠራ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ስፕሪንግ የሌለው፣ ባለ 26 ኢንች የብረት ማውንቴን ባይክ ፈልጉ። በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ጋራዡን የሚያጸዳ ሰው አንድ አያጣም። ለብስክሌቱ ከምትከፍሉት ይልቅ ለጎማው፣ ለሰንሰለቱ፣ ለፍሬን ላስቲኩና ለኬብሉ የምታወጡት ይበልጣል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

እኛ የዕድሜ ባለጸጋዎች ስለነዚህ ብስክሌቶች ስናወራ ናፍቆቱ ያሸንፈንና ዋናውን ነገር እንረሳዋለን። የድሮው ብረት ብስክሌት የሚወደደው ማንኛውም ክፍሉ ተለክቶ፣ ተፈትቶ፣ በእጅ ስለሚስተካከል ነው። ራሳችሁ ካልፈታችሁት ግን ይህ ጥቅሙ ለእናንተ የለም፤ የያዛችሁት ከባድ ያገለገለ ዕቃ ብቻ ይሆናል።

ዘመኑን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1970ዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው ማሪን ካውንቲ፣ ታማልፓይስ በሚባለው ተራራ አካባቢ፣ ልጆች ወፍራም ጎማ ያላቸውን የቆዩ ሽዊን ብስክሌቶች እየሰበሰቡ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ከ1976 ጀምሮ የሚሽቀዳደሙበት አንዱ ቁልቁለት "ሪፓክ"፣ ማለትም "እንደገና ሙላ" ተባለ። ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው የኋላ ፍሬን አንድ ጊዜ ሲወረድ ግራሶው ጨሶ ያልቅ ስለነበር፣ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ፈትቶ በአዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነበርና። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚህ ሥራ ብቻ የታሰበ ፍሬም ሠራ። በ1979 ቶም ሪቺ፣ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ተባብረው መሸጥ ጀመሩ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐር የሚባለውን ሞዴል ጃፓን አሠርቶ በብዛት ገበያ ላይ አዋለ፤ በዓመቱ ሺማኖ ዲኦሬ ኤክስቲ የተባለውን ለተራራ የታሰበ የማርሽና የፍሬን ዕቃ አመጣ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠሪዎች ብስክሌቱን ለምን እንደሚፈልጉት ገና አልለዩም ነበር፤ ለዚህም ነው ለሁሉም ነገር እንዲሆን አድርገው የሠሩት። ከፔዳሉ ማዕከል እስከ ኋላ ጎማ ማዕከል ያለው ርዝመት ከ440 እስከ 460 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የኋላ ሻንጣ ስትጭኑ ተረከዛችሁ የማይመታው በዚህ ርዝመት ነው። ፖርቶመጋላ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎችም አሉት። ከ1990 ገደማ ወዲህ ግን ሁሉም ወደ ውድድር ዞረ፤ የኋላው ወደ 425 ሚሊ ሜትር አጠረ፣ መሪው ዝቅ አለ፣ ቀዳዳዎቹም ከብዙ ሞዴሎች ጠፉ። አጭሩም ይሠራል፤ ሻንጣውን ወደ ኋላ ማስጠጋት ብቻ ይጠይቃል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሜትር፣ ሦስት ሜትር ያህል ቀጭን ገመድ፣ 5ና 6 ሚሊ ሜትር አለን መፍቻ፣ አንዲት ትንሽ ማግኔት ያዙ። ማግኔቷ ብረቱን ከአሉሚኒየም ትለያለች፤ ቀለም ሲቀባ ሁሉም አንድ ይመስላልና።

ማግኔት የማትለየው ግን ብረትን ከብረት ነው። ርካሹ ወፍራምና ከባድ ሲሆን፣ የምትፈልጉት ክሮምና ሞሊብደነም የተቀላቀለበት፣ በተለምዶ ክሮሞሊ የሚባለው ነው። በኮርቻው ቱቦ ላይ ያለውን ተለጣፊ ጽሑፍ በደንብ አንብቡ። ታንጌ፣ ኢሺዋታ፣ ትሩ ቴምፐር፣ ሬይኖልድስ፣ ኮሎምበስ የቱቦ ሠሪዎች ስም ነው። ብዙ ተለጣፊ "ሦስቱ ዋና ቱቦዎች" ይላል፤ ይህ ማለት ሹካውና የኋላ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ርካሹ ብረት ናቸው ማለት ነው። ለጉዞ ክፉ አይደለም፣ ዋጋ ስትከራከሩ ግን ልብ በሉት። ተለጣፊው ከተላጠ የኮርቻውን ዘንግ አውጥታችሁ ውፍረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እዩ። የቱቦው የውጭ ስፋት ብዙውን ጊዜ 28.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ዘንጉ 27.2 ወይም 26.8 ከሆነ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጥሩ ብረት ነው ማለት ነው። 25.4 ከሆነ ግን ግድግዳው ወፍራም፣ ብረቱም ተራ ነው።

የኮርቻው ዘንግ እግረ መንገዱን ሌላ ምስጢር ያወጣል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ብሎኑን ፈትታችሁ ኮርቻውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙሩት። የማይንቀሳቀስ ከሆነ አሉሚኒየሙ ዘንግ ከብረቱ ቱቦ ጋር ተጣብቋል። በሁለቱ መካከል ላብና ዝናብ ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላና ያብጣል፤ ከዓመታት በኋላ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ወይም አሞኒያ አፍስሶ ቀናት መጠበቅ አንዳንዱን ያላቅቃል፣ አንዳንዱ ግን በመጋዝ ከውስጥ ካልተቆረጠ አይወጣም። ሌላ ብስክሌት ሞልቶ ሳለ ይህን ጣጣ አትግዙ።

ቀጥሎ የመሪው ቱቦ ከሁለቱ ዋና ቱቦዎች ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከሥር በጣታችሁ ዳብሱ። ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም በመስመር የተሰነጠቀ ከሆነ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል። ገመዱን ደግሞ ከኋላው ጎማ ማሰሪያ አንዱ ጎን ጀምራችሁ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙራችሁ በሌላው ጎን እሰሩት፤ ወጥሩትና ከገመዱ እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለውን ክፍተት በሁለቱም ወገን ለኩ። ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፍሬሙ የተዛነፈው በ1 ብቻ ነው፣ ምንም አይልም። ከ5 በላይ ከሆነ ግን ተዉት ወይም የሚያቃና ባለሙያ እንዳላችሁ እርግጠኛ ሁኑ።

ከ1986 እስከ 1988 ድረስ አንድ ፋሽን መጥቶ ነበር፤ የኋላ ፍሬኑን ከፔዳሉ ኋላ ከታች የሚያስቀምጥ። ጭቃ በሙሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ማስተካከል ሲያስፈልግም ብስክሌቱን መገልበጥ ነው። መቆሚያዎቹ የተበየዱበት ቦታ ስለሚለይም በተለመደው ፍሬን መለወጥ አይቻልም። ለደረቅ አገር ይሆን ይሆናል፣ ለጭቃ መንገድ ግን አልመክርም። ስፕሪንግ ያለው የ1990ዎቹ ሹካም እንዲሁ፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ ደርቆ ተፈረካክሷል፣ መለዋወጫውንም ማግኘት አድካሚ ነው።

ልኩን በተመለከተ የዛሬ ሻጮች ከሚሰጧችሁ ቁጥር ከፍ በሉ። ቁመቱ 1.75 ሜትር ለሆነ ሰው 19 ወይም 20 ኢንች ፍሬም ይስማማል። ትንሽ ፍሬም ከወሰዳችሁ መሪው ከኮርቻው በጣም ዝቅ ይልና ሁለተኛው ቀን ላይ መዳፍና አንገት ያማል። የመሪውን ዘንግ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከገደብ ምልክቱ በላይ ግን አታውጡት፣ ውስጥ የቀረችው አጭር ጫፍ ብቻ ይዛው ስትሰበር መሪው በእጃችሁ ይቀራል።

ብስክሌቱ ቤት ከገባ በኋላ ሁሉንም ኩሽኔታ ፍቱ። ሠላሳ ዓመት የቆየ ግራሶ እንደ ሻማ ሰም ይደርቃል፤ ጎማው በነጻ የሚዞር ቢመስልም ብረት በብረት ላይ እየሄደ ነው። ኳሶቹን አጥባችሁ አትመልሱ፣ አዲስ ግዙ፤ ከሁሉም ዕቃ ርካሾቹ እነሱ ናቸው። በተለመዱት ብስክሌቶች የፊት ጎማ ማዕከል በየጎኑ 10 ኳስ ባለ 3/16 ኢንች፣ የኋላው በየጎኑ 9 ኳስ ባለ 1/4 ኢንች፣ የፔዳሉ ማዕከል በየጎኑ 11 ኳስ ባለ 1/4 ኢንች ይይዛል። የመሪው ባለ 5/32 ነው፣ ብዛቱ ግን ይለያያል፤ ስትፈቱ ቁጠሩ። ኳሱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳና ሾጣጣው ብረት ላይ ጉድጓድ ካያችሁ፣ ሾጣጣው ይለወጣል። ጎድጓዳው ከተበላ ግን ሙሉ ማዕከሉን መለወጥ ነው።

ስትገጥሙ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማጥበቂያው ላይ ነው። በመጨበጫ የሚታሰር ጎማ ከሆነ ዳዶውን ስታጠብቁ ቅንጣት ያህል መላወስ ተዉለት፤ መጨበጫው ሲዘጋ አክሰሉን ጨምቆ መላወሱን ያጠፋዋል። ከፍሬሙ ውጭ ፍጹም አስተካክላችሁ ከተዋችሁት፣ ፍሬሙ ላይ ሲታሰር ኩሽኔታው ታንቆ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ያልቃል። አቅጣጫም ልብ በሉ፤ የግራ ፔዳልና የፔዳሉ ማዕከል የቀኝ ክዳን ጥርሳቸው ግራ ነው፣ የሚፈቱት በሌላው በኩል ነው። ይህን ሳያውቅ በረጅም ቧንቧ ታግሎ ጥርሱን የጨረሰ ሰው ብዙ ነው።

ፔዳሉ ሲፈታ ማዕከሉ ውስጥ ባትሪ አብርታችሁ እዩ። በኮርቻው ቱቦ የገባ ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ስስ ዝገት ከሆነ በብረት ብሩሽ ፍቃችሁ ዘይት ቀቡት። ከሥሩ ማፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ።

የኋላው ጎማ ማዕከል ላይ ጥቂት እንቆይ፤ መንገድ ላይ ሰው የሚያስቀር እሱ ነው። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ የብዙዎቹ ማርሽ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገጠም ነበር። በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ከማርሹ ወደ ውስጥ ስለሚቀር፣ የአክሰሉ ጫፍ ያለ ድጋፍ ብዙ ይወጣል፤ ሻንጣ ተጭኖ ጉድጓድ ሲመታ የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። በኋላ የመጣው፣ ማርሹ በቦይ የሚንሸራተትበትና ካሴት የሚባለው፣ ኩሽኔታውን ወደ ጫፍ ስለወሰደው ይህን ችግር አስወገደ። ብስክሌታችሁ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ባለ ካሴት ያገለገለ ጎማ ፈልጉ። የኋላ ጎማው የሚገባበት የፍሬሙ ክፍተት 130 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ ማዕከል 135 ከሆነ አትደንግጡ። ብረት ነውና በየጎኑ 2.5 ሚሊ ሜትር በእጅ ተከፍቶ ይገባል። አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ላይ ይህን አትሞክሩ።

ስፖክም ሲሰበር ብዙውን ጊዜ በኋላ ጎማ፣ በማርሹ ወገን፣ ከመታጠፊያው ላይ ነው። ሰው ጭነት በዛበት ይላል። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ የላላ ስፖክ ነው የሚሰበረው፤ በየዙሩ እየላላና እየተወጠረ ይደክማል። ጎማው ከተስተካከለ በኋላ ጎን ለጎን ያሉትን ስፖኮች ሁለት ሁለት እየያዛችሁ በኃይል ጨብጡ። መታጠፊያው ቦታውን ይይዛል፤ እንደገና ለክታችሁ አቃኑት። ለመጠባበቂያ የቀኙን ልክ ሦስት ስፖክ በቴፕ ከፍሬሙ ጋር አጣብቁ፣ የካሴት መፍቻዋንም አትርሱ። ማርሹ ሳይወጣ የቀኙ ስፖክ አይገባም፤ ስፖኩን ይዞ መፍቻውን የረሳ ምንም አልያዘም።

ሰንሰለት ይለካል። አዲስ ሰንሰለት 12 ሙሉ ዘለበቱ (ጠባቡና ሰፊው አንድ ላይ ተቆጥሮ) በትክክል 12 ኢንች ነው። በ1/16 ኢንች ካለፈ ለውጡት። በ1/8 ካለፈ የኋላውንም ማርሽ በልቶታልና አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብትገጥሙ ስትጫኑት ይዘላል። ለባለ 6፣ ባለ 7ና ባለ 8 ማርሽ ባለ 8 ተብሎ የሚሸጠው ተራ ሰንሰለት ይበቃል። ከፊት ትንሹ ማርሽ 26 ወይም 28 ጥርስ ከሆነና ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 74 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ24 ለውጡት። ከኋላ 30 ጥርስ ጋር አንድ የፔዳል ዙር 1.6 ሜትር ያህል ያስኬዳችኋል፤ በደቂቃ 60 ዙር ማለት በሰዓት ወደ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ወርዶ መግፋት ይቀላል።

የድሮው ፍሬን ሁለት ክንድና መሃል ላይ አንድ አገናኝ ሽቦ ያለው ነው። ላስቲኩ ደርቆ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር ዓይኑ ቢያምርም ጣሉት። አዲሱን የፊት ጫፉ ቸርኬውን 1 ሚሊ ሜትር ቀድሞ እንዲነካ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ አለዚያ ይጮኻል። አንድ አደጋ ግን ከሁሉ ይብሳል። የፊት ፍሬን ኬብል ቢበጠስ ወይም ከብሎኑ ቢያመልጥ፣ አገናኝ ሽቦው ወድቆ የጎማውን ጥርስ ይይዝና ጎማውን በድንገት ያቆመዋል፤ ነጂው ከመሪው በላይ ይወረወራል። ሽቦውን የሚይዝ ትንሽ ቅንፍ ወይም የፊት ጭቃ መከላከያ ያስፈልጋል፤ የድሮዎቹ ብስክሌቶች አንጸባራቂ የሚያስሩበት ቅንፍ ይህን ሥራ ይሠራ ነበር፣ ለውበት ብላችሁ አትንቀሉት። የፍሬን ኬብል ሽፋንና የማርሽ ኬብል ሽፋንም አይለዋወጡም። የማርሹ ውስጡ ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ስለሆነ በፍሬን ኃይል ይፈነዳል። በኋላ ለመጣው፣ ረጅም ክንድ ላለው ቪ ፍሬን የተሠራ እጀታም ለዚህ ፍሬን አይሆንም፤ የሚስበው ኬብል እጥፍ ያህል ነውና ጨብጣችሁ ምንም አይዝም።

ጎማ ስትገዙ ጠርዙ ላይ ያለውን 559 ቁጥር እዩ። 26 ተብለው የሚጠሩ ነገር ግን የማይገጥሙ ሌሎች ልኮች አሉ፤ ስፋቱ በክፍልፋይ፣ ለምሳሌ 1 3/8 ተብሎ የተጻፈው የእናንተ አይደለም። 1.75 ወይም 2.0፣ መሃሉ ለስላሳ የሆነ ይበቃል። ነጂና ጭነት 100 ኪሎ ግራም ከሆነ ከኋላ 45፣ ከፊት 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሞክሩ። የቸርኬው ቀዳዳ ለመኪና ዓይነት ቫልቭ የሰፋ ከሆነ ቀጭን ቫልቭ ያለውን ካላማዳሪያ ያለ ማጥበቢያ አትግጠሙ፤ ቫልቩ ከሥሩ ይቀደዳል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ፓች አይዝም።

ጭነት ከውሃ ሌላ ከ15 ኪሎ ግራም አይለፍ። ከባዱ ታች፣ ወደ ፊት ይጠጋ። ከፖርቶመጋላው በላይ ከፍ ብሎ የታሰረ ነገር ቁልቁል ላይ መሪውን ያንቀጠቅጣል። ብሎኖቹ 5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ናይለን ባለው ዳዶ እሰሯቸው። በማርሹ ወገን ያለው ብሎን ወደ ውስጥ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከወጣ ትንሹ ማርሽ ላይ ያለውን ሰንሰለት ይነካል። ጠዋት ጠዋት ሁሉንም በመፍቻ ዳስሱ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ውድ ሻንጣ መግዛት ግዴታ አይደለም፣ ክዳን ያለው አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ባልዲ መንጠቆ ተበጅቶለት ዝናብ አያስገባም። ለስንቅ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ያለውን የታሸገ ጣፋጭ ከመሸከም በሶ፣ ቆሎና ቋንጣ ያዙ። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ምድጃ አይጠይቅም፣ ሙቀት አያበላሸውም። እናቶቻችሁ የሰጧችሁን ጭኮ ግን ሐምሌ ላይ ሻንጣ ውስጥ አትርሱት፤ ቅቤው ቀልጦ ልብሳችሁን ይጨርሳል።

ለመጀመሪያ መንገድ ዋሽንግተን ውስጥ ካለው ጆርጅታውን የሚነሳውን የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳርቻ ያህል ለዚህ ብስክሌት የሚስማማ አላውቅም። ቦዩ በ1828 መቆፈር ተጀምሮ በ1850 ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ኩምበርላንድ ደረሰ፤ በ1924 ጎርፍ አበላሽቶት ሥራ አቆመ። ጀልባ የሚጎትቱ በቅሎዎች ይሄዱበት የነበረው የአፈር መንገድ 184.5 ማይል ርዝመት አለው፤ በዚህ ሁሉ ርቀት ጀልባን በውሃ ከፍና ዝቅ በሚያደርጉ 74 የቦይ በሮች ከፍ የሚለው 605 ጫማ፣ ማለትም 184 ሜትር ብቻ ነው። ዳገት የለም ማለት ይቻላል። ያለው ሥር፣ ጠጠርና ጭቃ ነው፤ ለስስ ጎማ ብስክሌት ፈተና፣ ለ1980ዎቹ ማውንቴን ባይክ ግን ቤቱ ነው።

በአራት ቀን ይጠናቀቃል፦ ብረንስዊክ 55ኛ ማይል፣ ዊልያምስፖርት 99ኛ፣ ሊትል ኦርሊንስ 141ኛ፣ ከዚያ ኩምበርላንድ። በየጥቂት ማይሉ የድንኳን ቦታ አለ፤ ጠረጴዛ፣ መጸዳጃና በእጅ የሚሳብ የውሃ ፓምፕ ያለበት። በብርዱ ወራት የፓምፖቹ እጀታ ስለሚነሳ ውሃ ከከተማ መያዝ ነው። ፓው ፓው የሚባለው ዋሻ ወደ 156ኛው ማይል ግድም ነው፣ ርዝመቱ 3,118 ጫማ። ውስጡ ጨለማ፣ መሄጃው ጠባብና ወጣ ገባ ስለሆነ መብራት ይዛችሁ ብስክሌቱን እየገፋችሁ እለፉ።

ዝናብ ከዘነበ ሸክላማው ጭቃ በጎማና በጭቃ መከላከያ መካከል ገብቶ ጎማውን ያቆማል። ክፍተቱ ከ15 ሚሊ ሜትር ካነሰ ከመነሳታችሁ በፊት የኋላውን መከላከያ አውጡት፤ የፊቱ ከላይ ስላልኩት ሽቦ ይቆይ። ጭቃ የበላውን ሰንሰለት ማታ በጨርቅ ጠርጋችሁ በየዘለበቱ አንድ ጠብታ ዘይት ጣሉ፤ የተረፈውን ጥረጉት፣ ከውጭ የቀረ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል። ከቢግ ፑል እስከ ሊትል ኦርሊንስ ጎን ለጎን የሚሄድ አስፋልት ስላለ መንገዱ ከጨቀየ ወደዚያ ተሻገሩ።

ከኩምበርላንድ ወዲያ ፒትስበርግ የሚያደርሰው የባቡር ሐዲድ የነበረ መንገድ 150 ማይል ነው። የመጀመሪያው 24 ማይል ያህል እስከ 2,392 ጫማ ይወጣል፤ ቀስ ያለ ነው፣ ግን ማቆሚያ የለውም፣ ያቺ ባለ 24 ጥርስ ማርሽ ዋጋዋን የምታገኘው እዚህ ነው። አናቱ አጠገብ ያለው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ በብርዱ ወራት ይዘጋል። መመለሻ ባቡር ከኩምበርላንድ አለ፤ ለብስክሌት የተለየ ቦታ መያዝ ስለሚያስፈልግ ትኬቱን አስቀድማችሁ ቁረጡ።

አገር ቤት ይዛችሁት ለመሄድ የምታስቡም አትጠፉም። የ26 ኢንች ጎማና ካላማዳሪያ በባሕር ዳርም በሐዋሳም ይገኛል፣ በዚህ አትጨነቁ። የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ብትወርዱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ጭነት ጨምሮ 100 ኪሎ ግራም በዚያ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ አንድ ሚሊዮን ጁል ነው፤ ፍሬን ይዛችሁ ቀስ ካላችሁ ሙቀቱ ሁሉ በሁለት ቀጭን ቸርኬዎች ውስጥ ይቀራል፣ አየሩም ታፍኖ ካላማዳሪያውን ያፈነዳል። ጥርጊያው ጥሩና አርቆ የሚያሳይ በሆነበት ቦታ ልቀቁት፣ ንፋሱ ራሱ ይይዛችኋል፤ ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም ፍሬን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ እንደገና ልቀቁ። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቁሙ፤ የረጠበ ጣት ቸርኬው ላይ ሲያደርጉት ጭስ ካለ ቀዝቅዞ እስኪያበቃ መጠበቅ ነው። ከመነሳታችሁ በፊትም ቸርኬው ጎን ላይ የማስመሪያ ጠርዝ ወይም ቀጥ ያለ ነገር አስደግፉ። መሃሉ የጎደጎደ ከሆነ ላስቲኩ በልቶታል፣ ለዚህ ዓይነት ቁልቁለት አይሆንም።

ብረት ስለሆነ የትም ቦታ ይበየዳል የሚለውን ወሬ ግን በልክ ውሰዱት። የጥሩ ፍሬም ቱቦ ጫፉ ላይ 0.9፣ መሃሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የበር ፍርግርግ የሚበይድ ባለሙያ በኤሌክትሮድ ሲነካው ይበሳዋል። ከተሰበረ በጋዝ የሚሠራ ሰው ፈልጉና በነሐስ እንዲያያይዘው ጠይቁ። ሙቀቱ አነስተኛ ነው፣ ነሐሱም ስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል። የተሰነጠቀው ሹካው ወይም የመሪው ቱቦ ከሆነ ግን በምንም አትጠግኑት፤ ጥገናው መንገድ ላይ ቢከዳችሁ የሚወድቀው ፊታችሁ ነው።

ከጉዞ ስትመለሱ ብስክሌቱን አጥባችሁ ብቻ አታስቀምጡት። የኮርቻውን ዘንግ አውጡ፣ ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ውስጥ የገባው ውሃ እስኪወጣ አንድ ሌሊት ተዉት። በነጋታው በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት አፍስሳችሁ ፍሬሙን እያገላበጣችሁ ውስጡን በሙሉ አዳርሱት። ዘንጉን ጠርጋችሁ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱት፤ የመሪውንም ዘንግ እንዲሁ። ሰንሰለቱን ለኩ፣ የፍሬን ላስቲኩ ውስጥ የተሰካ የአሉሚኒየም ስባሪ ካለ በመርፌ አውጡ፣ የኋላውን ጎማ ስፖኮች አንድ በአንድ በጣት ነክታችሁ የላላ ድምፅ ያለውን ምልክት አድርጉበት።